ኬሞ ይቅደም ወይስ ኦፕራሲዮን? ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እህትሽ የጡት ካንሰር ተብላ አንዱ ሐኪም በዚህ ሳምንት ኦፕራሲዮን ትሁን ሲል ሌላው መጀመሪያ ኬሞ ትውሰድ ብሏል፣ ማንን እንስማ ነው ያልሽው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከ4 ዓመት በፊት በራሴ ላይ ደርሷል።

እኔን ቶሎ ቀደዱኝ። ወጣልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ኦንኮሎጂስቷ፣ የካንሰር ሐኪሟ ጋ ስቀርብ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "የሆርሞንና የሄር ቱ ውጤትሽ የታለ?" ብላ ነው። ዕጢው በሆርሞን ወይም ሄር ቱ በሚሉት ፕሮቲን የሚያድግ መሆኑን የሚያሳየው ምርመራ ነው። አልተሠራም። ብሎኩን ፍለጋ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። ብሎክ የሚሉት ከዕጢው የተቆረጠችው ሥጋ በሰም ተይዛ የምትቀመጥበት ነው፣ በጣም ትንሽ ናት፤ በፖስታ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ታክሲ ስሳፈር እስክወርድ ድረስ እጄን ከቦርሳው ላይ አላነሳሁም። የምወስደው መድኃኒት የሚታወቀው በእሷ ነበር።

ሁለቱም ሐኪሞች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ዕጢው ትንሽ ከሆነና ብብት ካልደረሰ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ይቀድማል። ትልቅ ከሆነ ወይም ብብት ከገባ ግን ብዙ ጊዜ ኬሞ ያስቀድማሉ፤ ዕጢውን ያሳንሰዋል፣ አንዳንዴም ጡቱ ሳይነሳ ዕጢው ብቻ እንዲወጣ ያደርጋል። የሆርሞንና የሄር ቱ ውጤቱም ይህን ሊቀይረው ስለሚችል ከባዮፕሲው፣ ለምርመራ ከዕጢው ከተወሰደው ናሙና ላይ አሁኑኑ ይሠራላት። ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚወስነው ነገር አይደለም። ሰርጀኑ፣ ኦንኮሎጂስቱ፣ የጨረር ሐኪሙ፣ ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስትና ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት አብረው የሚመክሩበት አሠራር አለ፣ ቲዩመር ቦርድ ይሉታል። "ኬዟ ቲዩመር ቦርድ ቀርቧል?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ነውር የለውም።

ቀዩን ኬሞ (ዶክሶሩቢሲን የሚሉትን) ካዘዙላት ልብን ሊጎዳ ስለሚችል የልብ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ሳትነሳ አትጀምር። ኬሞ መውለድን ሊያስቸግር ስለሚችል ልጅ መውለድ የምትፈልግ ከሆነም ከኬሞው በፊት ትናገር፤ ለእኔ ማንም አልነገረኝም፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ለጨረር ወረፋው ረጅም ነው፣ ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ቦታ ሪፈሩን በጊዜ አጽፉ። ጠበልም ትሂድ፣ እኔም ሄጃለሁ፣ ብቻ የኬሞ ቀኗ እንዳያልፍ።

በኦፕራሲዮኑ ብብቷ ከተነካ ክንዷ እንዳይደርቅ ፊዚዮቴራፒ ጠይቁላት። እኔ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ወደ ላይ እያራመድኩ የደረስኩበትን በእርሳስ አሰምር ነበር። የመጀመሪያው ቀን መስመር ከትከሻዬ አያልፍም። የመጨረሻው ከበሩ ጉበን እኩል ነው።