ሳላስበው ሰው ሞተብኝ፤ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ብል ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ መኪና ስነዳ ፍሬን እምቢ ብሎኝ አንድ እግረኛ ገጨሁ፤ ሕይወቱም አለፈ። አሁን ተከስሻለሁ። ጠበቃዬ የእምነት ክህደት ቃሌን ስጠየቅ «ጥፋተኛ አይደለሁም፤ ድንገተኛ አደጋ ነው» እንድል መክሮኛል። ሰው ሞቶብኝ እንዲህ ማለት ውሸት አይሆንም? ነጻ ብለቀቅስ ንስሐ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ የሟችንም ነፍስ ይማር።

«ጥፋተኛ አይደለሁም» ማለት «አልገጨሁም» ማለት አይደለም። በድንገተኛ አደጋ የሚከራከር ሰው ድርጊቱን ያምናል፤ የሚክደው ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ማድረጉን ነው። ስለዚህ ነገሩ እውነት ከሆነ ውሸት የለበትም።

እውነት መሆኑን የምትመረምረው ግን አንተ ነህ። ዘዳግም 19፥5 እንጨት ሊቆርጥ ከባልንጀራው ጋር ዱር ስለ ገባ ሰው ይናገራል። ምሳሩን ሲሰነዝር ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ በሕይወት ይኑር ይላል። ሥራው የተፈቀደ ነው፣ ጥላቻም የለበትም፣ ብረቱ ይወልቃል ብሎም አላሰበም። ብረቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲወዛወዝ እያየ ቢቆርጥበትስ? ለዚህ ዘጸአት 21ን አንብብ፦ በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ በሬው ወጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ይጠየቃል። የዛሬም ሕግ በአብዛኛው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ አስቀድመህ ምን ታውቅ ነበር? ምንስ ማወቅ ነበረብህ?

እንግዲህ ራስህን ጠይቅ። ፔዳሉ ከዚያ ቀን በፊት ይሰምጥብህ ነበር? መካኒኩ «ሸራው አልቋል» ብሎህ ነበር? ፍጥነትህስ? ስልክ ይዘህ ነበር? በጊዜው የተመረመረ መኪና የፍሬን ቱቦው ሳይታሰብ ቢፈነዳ አደጋ ነው። ማስጠንቀቂያውን እያወቅህ ከነዳህ ቸልተኝነት ነው፤ ሆን ብሎ ከመግደል ቢያንስም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ለጠበቃህ ሁሉንም ንገረው፣ የሚጎዳህንም ጭምር። መኪናው በባለሙያ ሳይመረመር እንዳታስጠግነው። የጥገና ደረሰኞችህንና የምስክሮችን ስም ስጠው። በደረሰኝ ላይ ያለፈ ቀን ማስጻፍ ወይም ምስክርን ማስጠናት ግን ክርክርህን ከማፍረሱም በላይ ሌላ ወንጀል፣ ሌላም ኃጢአት ነው። የሟችን ቤተሰብ ይቅርታ መጠየቅህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በሽማግሌ በኩል፣ ጠበቃህም እያወቀ ይሁን። ምስክርነት ሳይሰማ የሚሰጥ ገንዘብ የዝምታ ዋጋ ሊመስል ይችላልና።

ነጻ ብትባልም ንስሐ ያስፈልግሃል። በዘኍልቍ 35 ያ ሳያስብ የገደለው ሰው ጉባኤው ከደም ተበቃዩ (ደሙን ሊመልስ ከሚያሳድደው የሟች ዘመድ) አድኖት እንኳ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ወደ ርስቱ አልተመለሰም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ314 በአንቂራ (በዛሬዋ አንካራ) የተሰበሰበው ሲኖዶስም ሆን ብሎ ለገደለ የዕድሜ ልክ ንስሐ ሲወስን፣ ሳያስብ ለገደለ ቀድሞ 7 ዓመት የነበረውን 5 ዓመት አደረገው። ይህን ቁጥር ይዘህ ራስህን እንዳትቀጣ አደራ፤ ቀኖናውን የሚሰጥህ ሁኔታህን ያየ ንስሐ አባትህ ነው፤ የሚሰጥህም ለመድኃኒት ነው።

ወደ እሳቸው ለመሄድ የፍርዱን ቀን አትጠብቅ። ስትሄድም ለጠበቃህ የነገርኸውን ያንኑ ንገራቸው፤ ስለ ፔዳሉም ጭምር።