መልስ፦ ተራራ ላይ ውዬ ማታ ዓይኔን ለምን አቃጠለኝ?

ሰላም ወንድሜ። ራስ ዳሽን ላይ ያለ መነጽር ውለህ ማታ ዓይንህ አሸዋ የገባበት ያህል ቆረቆረህ፤ «ቀን ግን ምንም አልነበረኝም» ብለሃል። ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው።

ፀሐይ ኮርኒያን፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለውን እንደ መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን፣ ልክ እንደ ቆዳ ታቃጥለዋለች። አልትራቫዮሌት (ዩቪ) የሚባለው ለዓይን የማይታይ ጨረር የላይኛዎቹን ሴሎች ይጎዳል። ሴሎቹ ግን ወዲያው አይረግፉም፤ ሰዓታት ይፈጅባቸዋል። ሲረግፉ ከሥር ያሉት ነርቮች ይጋለጣሉ። ኮርኒያ ደግሞ በነርቭ የተሞላ ስለሆነ ሕመሙ አይጣል ነው! ብየዳ የሚሠሩ ልጆች ሌሊት ዓይናቸውን ይዘው የሚያድሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከፍታው ደግሞ አባብሶብሃል። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ደመናም ብዙ አያስጥልም።

አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ይድናል። አትሸው፤ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አረፍ በል። ሰው የማደንዘዣ ጠብታ ቢሰጥህ እንዳትነካው፤ ሕመሙን ይደብቅና ቁስሉ እንዳይሽር ያደርጋል። እይታህ ከደበዘዘ ወይም በ2 ቀን ካልተሻለህ ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ። መነጽር ስትገዛም ጥቁረቱን ሳይሆን ይህን ጨረር እንደሚያግድ የሚያሳየውን «ዩቪ 400» የሚለውን ጽሑፍ እይ።