ከክሊፑ ተቆርጦ የወጣ ሽፋን

ለሐዋሳ ወጣት ሙዚቀኞችና ክሊፕ ሠሪዎች፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዷ «ጋሼ፣ ለአልበሙ ሽፋን ለብቻው ፎቶ መነሣት የግድ ነው? ከክሊፑ አንድ ጥሩ ፍሬም፣ አንድ ቋሚ ምስል፣ ብናወጣስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይሆንም» ብዬ በአንድ ቃል ሸኘኋት። ለጠያቂ እንዲህ ያለ መልስ ስለማይጠቅም ምክንያቱን ልጻፍላችሁ። ምክንያቱ በገዛ እጄ የቆረጥኩት አንድ ሽፋን ነው።

የተማሪዎች ሥራ ነበር። ዘፋኙ፣ ክራር ተጫዋቿና ከበሮ መቺው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ፣ ሐይቁን ከኋላቸው አድርገው ቆሙ። ዘፈኑ የሚኖረው በክራሩ ነው፤ መግቢያውም፣ ከአዝማቹ በፊት ያለው መሸጋገሪያም የእሷ ነው። ዘፋኙ መሃል፣ ከበሮው ቀኝ ዳር፣ ክራሯ ግራ ዳር። ለቪዲዮ ጥሩ አቋቋም ነው፣ የስክሪኑን ስፋት ይሞላል። ፎቶ ግን ማንም አላነሳም። ካሜራው እየቀረጸ ነው፣ ምስሉ የትም አይሄድም ተባለ።

ማተሚያ ቤቱ «ሽፋኑን ለነገ ጠዋት» ሲል ከቪዲዮው ፍሬም ወጣ። ሂሳቡ እንዲህ ነው። ፍሬሙ 1920 በ1080 ነው፤ ሽፋን ደግሞ ካሬ ስለሆነ የሚተርፈው 1080 በ1080 ብቻ ነው። ከግራና ከቀኝ 420፣ 420 ፒክስል ይጣላል፤ ከወርዱ 44 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። ክራሯ የቆመችው እዚያ ግራው 420 ውስጥ ነበር። ካሬውን ወደ እሷ ብገፋው የዘፋኙ ግማሽ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ እሷ ሄደች።

ችግሩ በዚህም አላበቃም። 12 ሴንቲ ሜትር የሲዲ ሽፋን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1417 ፒክስል ይፈልጋል፤ ለመቁረጫ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ሲጨመር ወደ 1490 ይጠጋል። 1080ው ተለጠጠ፣ ደበዘዘ። ሹተሩ፣ ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ስለነበር የዘፋኙ እጅ ጭስ መስሏል። በስክሪን ላይ ደማቅ የነበረው የሐይቁ ሰማያዊ በማተሚያ ቀለም ሲወጣ ጠቆረ። እሷ ሲዲውን ተቀብላ ፊቱን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ «ክራሩ ግን ከውስጥ አለ አይደል?» አለች። ይህን ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ያ ሁሉ በ20 ደቂቃ የሚቀር ነገር ነበር። ከሁለተኛው ሙሉ ቀረጻ በኋላ፣ ብርሃኑ ሳያልቅ፣ ለሽፋኑ ብቻ ቁሙ። ተጠጋግታችሁ፣ ትከሻ ለትከሻ፤ አንዱ ይቀመጥ፣ ሁለቱ ይቁሙ። ሹተሩን ከ1/250 በላይ አድርጉት። ከላይ ለርዕሱ የሚሆን ባዶ ሰማይ ተዉ። በበይነመረብ የሚለቀቅ ሽፋን 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን። የ12 ሜጋፒክስል ስልክ ፎቶ ወደ 4000 በ3000 ስለሆነ ካሬ ሲሆን ልክ ይበቃል፣ ለስህተት ግን ትርፍ የለውም። ስለዚህ በስልክ ስታነሱ ዙም አትንኩ፤ ከኋላ የሚያደበዝዘውንም አጥፉት፣ የክራር አውታር ይበላል። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ካገኛችሁ ካሬው 4000 ይሆናል፣ እንደልባችሁ ትቆርጣላችሁ።

ስለ ፊደሉም ልናገር፣ እዚህ ላይ ዛሬም የማየው ጥፋት አለና። ቀጭን ፊደል ለማወፈር «ቦልድ» ስትጫኑ የ«ጨ»ና የ«ሟ» ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ከመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ የተሠራ ፊደል ምረጡ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ኮተት ይሆናል፤ ለማተሚያ ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ሽፋኑ ላይ «ሐዋሳ»፣ የቪዲዮው ርዕስ ላይ «ሀዋሳ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ አንዱን የፈለገ ሌላውን ላያገኝ ይችላል። አንዱን ምረጡና በሁሉም ቦታ እሱኑ ጻፉ። ከዚያ ሽፋኑን ስልካችሁ ላይ የጥፍር ያህል አሳንሳችሁ እዩት፤ ስሙ ካልተነበበ አልተሠራም።

ወደ ክሊፑ። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ቀረጻ አትውጡ። ዘፈኑ በደቂቃ 100 ምት ከሆነና በሰከንድ 25 ፍሬም ከቀረጻችሁ አንድ ምት 15 ፍሬም ነው፤ ባለ 4 ምት አንድ ባር 60 ፍሬም፣ 4 ደቂቃው ዘፈን 100 ባር። መቶውን መስመር ጻፉና በየመስመሩ ግጥሙን፣ ቦታውን፣ ልብሱን፣ ነጠላው በየትኛው ትከሻ እንደሆነ ሙሉ። ችክችካ ከሆነ አቆጣጠሩ ይለያል፤ በየምቱ ከቆረጣችሁ የተመልካች ዓይን ይደክማል። ዛሬ የምታመጡልኝ ክሊፖች በሽታ ይኸው ነው፣ ትከሻው እስክስታውን ሳይጨርስ ይቆረጣል። ቀለም ማስተካከልም የምትጀምሩት ገና ሾት ሳትመርጡ ነው። በፍጥነት ግን እኛን አስንቃችሁናል፣ ይህን አልክድም።

ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ሐይቁን ከኋላ አድርጎ የቆመ ሰው ፊቱ ይበራል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባው ስለሆነች ይጠቁራል፣ ነጭ ጨርቅ ወይም ፎም ከፊቱ ያዙለት። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ብርሃን ያምራል ግን ቶሎ ያልቃል፤ ለቅርብ ሾት አቆዩት። ቤት ውስጥ በአምፖል ከሆነ ሹተሩ 1/50 ወይም 1/100 ይሁን። የመብራታችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዑደት ስለሆነ 1/60 ላይ ምስሉ ይርገበገባል።

ብዙዎቻችሁ የምትጨነቁበት የከንፈርና የድምፅ አለመግጠም ነው። በቀረጻው ጊዜ ዘፈኑን የሚያጫውተውን ስፒከር በገመድ አገናኙ፣ ብሉቱዝ ያዘገያል። የካሜራውን ማይክ አታጥፉ፤ የሚቀዳው ድምፅ ባያምርም ኋላ የምታገጥሙት በእሱ ነው። ስፒከሩ ዘፋኙ አጠገብ ሆኖ ካሜራው 40 ሜትር ከራቀ ድምፁ ለካሜራው 3 ፍሬም ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። በዚያ ድምፅ ስታገጥሙት አፉ ከዘፈኑ ቀድሞ ይታያል፣ ኤዲት ስታደርጉ ምስሉን 3 ፍሬም ወደ ቀኝ ግፉት። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ችግሩ ርቀት አይደለም፤ ስልኩ ፍሬሙን እያፈጠነና እያዘገየ ቀርጾታል። ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ለውጡት። ስሎው ሞሽን ላይ ከንፈር እንዲገጥም በ50 ፍሬም ስትቀርጹ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት አጫውቱ።

ሙሉውን ዘፈን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቅረጹ፤ በሩቅ፣ በመካከለኛ፣ በቅርብ። 4ኬ ቪዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ በደቂቃ 750 ሜጋባይት ይበላል፤ 64 ጊጋ ካርድ 85 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። እዚያው ሳላችሁ በሁለት ዲስክ ገልብጡ።

ወረቀት ወረቀት አልኩ እንጂ የዚያ ክሊፕ ምርጡ ሾት ወረቀቱ ላይ አልነበረም። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ዓሣ ፍለጋ እየተንጎማለለ በክራሯ ፊት አለፈ፣ እሷም ሳታቋርጥ ሳቀች። ሁለት ባር ነው። ክሊፑ ውስጥ አለ፣ ከሽፋኑ ግን የለም።

የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የሽፋኑን ካሬ በእርሳስ ንደፊና ላኪልኝ። ማሲንቆ ተጫዋቻችሁ የት እንደሚቀመጥ ምልክት አድርጊበት።