አፍሪካዊ የሆንነው መቼ ነው? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የደብረ ብርሃን ብርድ ከቤት አያስወጣም። ጋቢዬን ደርቤ ቁጭ ብያለሁ። ታሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ፣ አንድ አህጉር እንዴት «እኛ» ማለት እንደሚጀምር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አፍሪካ የሚለውን ስም ማን አወጣው?

መልስ፦ ሮማውያን። በ146 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ካርቴጅን አፍርሰው የያዙትን የዛሬዋን ቱኒዚያ አካባቢ እንዲያ አሉት። ዓረቦችም ኢፍሪቂያ አሉት። ስሙ እየሰፋ እኛ ጋ ደረሰ፣ ማንም ሳያማክረን።

ጥያቄ፦ አፄ ምኒልክ ራሳቸውን አፍሪካዊ ይሉ ነበር?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ንጉሥ በ1891 ለአውሮፓ መንግሥታት ደብዳቤ ጻፉ። ከሩቅ መጥታችሁ አፍሪካን ስትካፈሉ ዝም ብዬ አላይም አሉ። እዚያው ደብዳቤ ላይ ግን ኢትዮጵያን 14 ክፍለ ዘመን በአረማውያን ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት ይሏታል። አያችሁ? አፍሪካ የሚለው ቃል አለ፤ «እኛ አፍሪካውያን» የሚለው ስሜት ገና ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ዓድዋ ሆነ። ድሉን የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ድል ያደረጉት ባሕር ማዶ ያሉት ናቸው። የሄይቲው ቤኒቶ ሲልቫን ምኒልክን ለማየት አገራችን ድረስ መጣ። በ1900 ደግሞ ለንደን በተደረገው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ ተገኘ። እኛ ተዋጋን፣ እነሱ ትርጉሙን ሰጡት ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ጥያቄ፦ አውሮፓውያንስ ከጥንት አንድ ነበሩ አይደል?

መልስ፦ ኧረ የለም! በ754 ስፔን ውስጥ የተጻፈ የላቲን ዜና መዋዕል በ732 ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገው ጦርነት ዓረቦችን የገጠሙትን «አውሮፓውያን» ይላቸዋል። ስሙ ይኑር እንጂ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን የሚያስተሳስራቸው ክርስትናው ነበር። እርስ በርስ መዋጋቱንም አልተዉም።

ጥያቄ፦ ገብስ በሊታውን መንዜና ጋናዊውን ምን ያገናኛቸዋል?

መልስ፦ ምግቡማ አይገናኝም። በርሊን ላይ በ1884 እና 85 አህጉሩን ለመቀራመት ሕግ ያወጡት ሰዎች አገናኟቸው። ቀጥሎ ፈቅደው የመረጡት ምልክት አለ። ጋና በ1957 ነፃ ስትወጣ ባንዲራዋን በእኛው ቀለማት፣ በቀይ፣ በወርቃማና በአረንጓዴ ሠራች። በ1963 አዲስ አበባ ላይ 32 አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እርስዎስ መቼ አፍሪካዊ ሆኑ?

መልስ፦ በ1990 የዓለም ዋንጫ፣ ካሜሩን አርጀንቲናን 1 ለ 0 ስትረታ። ጮኬ ስነሳ ባለቤቴ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። «ማን አገባ?» አለች። «እኛ!» አልኳት።