ከልደቱ አትጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። «አጎቴ በደርግ ጊዜ እዚህ ጅማ ለኪነት ቡድን የቴአትር ዜማ ይደርስ ነበር። አሁን 78 ዓመቱ ነው። የሕይወት ታሪኩን ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዓመተ ምሕረት አያስታውስም። ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እኔም የአጎትሽን ቢጤ አንድ ሰው ታሪክ ስጽፍ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። መጽሐፉ ገበያ አልወጣም። ሰባት ኮፒ አስጠርዤ ለቤተሰቡ ሰጠሁ፣ በቃ። ምክሬን በዚያ ልክ ውሰጂው።

እኔ የጀመርኩት ከልደት ነበር። ጋሼን (ቤተሰቡ ስም አትጥራ ስላሉኝ እንዲሁ ጋሼ ልበላቸው) «የት ተወለዱ? መቼ ትምህርት ቤት ገቡ?» እያልኩ ሦስት ቅዳሜ አደረቅኳቸው። መልሳቸው «እንግዲህ ያኔ ነው» ብቻ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ተጠጥቶ ያልቃል፣ ደብተሬ ላይ አራት መስመር አይሞላም።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ ጥያቄ አለቀብኝ። ልጃቸው ከቁም ሳጥን ሥር ያገኘችው ካሴት ነበር፣ እሱን ከፈትን። ግጥም የሌለው መሸጋገሪያ ሙዚቃ መጣ። አኮርዲዮን ብቻ። አንዷን ሐረግ አራት ጊዜ ይደጋግማታል።

«ጋሼ፣ ይቺ ለምንድን ነው የምትደጋገመው?»

ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «ልጅቷ ቀሚስ እስክትቀይር ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ተዋናይቷ የገጠር ልጅ ሆና ትወጣና ሙሽራ ሆና መመለስ አለባት። የሙሽራው ቀሚስ ቁልፍ ደግሞ በጀርባ በኩል ነው። መጋረጃ ጀርባ የሚያግዛት ሰው የለም። ጋሼ ልምምድ ላይ ቆመው ቆጠሩላት፣ ዜማውን በዚያው ልክ አረዘሙት። አንድ ማታ ቁልፉ ተበጠሰ። አኮርዲዮኑ አሥራ አንድ ጊዜ ዞረ። ተመልካቹ የዘፈኑ አካል መስሎት ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጭብጨባውን ራሱ ድርሰቱ ውስጥ አስገቡት።

ከዚህ በኋላ ዝም ማሰኘት አቃተኝ። ቀሚሱን የሰፋው መርካቶ ያለ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልብስ ሰፊው በዓመቱ አማታቸው ሆነ፤ የጋብቻ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ አለ። ዓመተ ምሕረቱ እዚያ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል! ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የለመንኩት ቀን በአንድ ቁልፍ በኩል መጣ።

ስለዚህ አጎትሽን «መቼ?» አትበዪው። በየዘፈኑ እየሄድሽ የትኛው ትዕይንት ላይ እንደገባ፣ ማን ሲገባ ማን ሲወጣ እንደሚዘፈን፣ ልምምድ ላይ ምኑ እንደተቀየረ፣ ማን እንዳስቀየረው ጠይቂው። ለካሴት የሚደርስ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይደርሳል። የቴአትር ዜማ ደራሲ ግን የሚደርሰው ለበሩ፣ ለመጋረጃው፣ ድምፅዋ ለማይወጣላት ተዋናይ ነው። ሕይወቱም እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

ቀን ካገኘሽ በኋላ ደግሞ ወዲያው አትመኚው። የጋሼ አንድ ፎቶ ጀርባ «1977» ይላል። በማን አቆጣጠር? በፈረንጅ ከሆነ 1969 ወይም 1970 ነው፤ በእኛ ከሆነ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው። ያዳነኝ ከኋላቸው የተሰቀለው ጨርቅ ነው። «ኢሠፓ» (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) የሚል ይነበባል። ኢሠፓ የተመሠረተው 1977 ዓ.ም. መባቻ ላይ ስለሆነ ነገሩ ተዘጋ። የመሠረተ ትምህርት ዘፈንም እንደዚሁ ነው፤ ዘመቻው በ1971 ስለተጀመረ ዜማው ከዚያ ብዙ ሊቀድም አይችልም።

ስምም ያሳስታል። ሁለቱን አርመናውያን የሙዚቃ ሰዎች፣ ኬቮርክ ናልባንዲያንን እና ነርሲስ ናልባንዲያንን፣ አንድ ሰው የሚያደርጓቸው ስንት አሉ! ኬቮርክ አጎት ነው። አርባ ልጆች ከሚባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ሙዚቀኞች ጋር የመጣው፣ በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ላይ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የሠራው እሱ ነው። ነርሲስ ኋላ የመጣው ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ፣ የሠራው። አርባ ልጆች አዲስ አበባ የገቡት በፈረንጅ 1924 መስከረም ገና ሲጀምር ነው። ሰባት ቀንሰሽ 1917 ካልሽ ተሳሳትሽ፤ እንቁጣጣሽ ስላልደረሰ 1916 ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በመጀመሪያው ረቂቅ ዘፈኖቹን በሙሉ «የጋሼ ድርሰት» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ «የኪነት ቡድኑ ድርሰት» ከመባል ያለፈ ስም አይጠራማ። ረቂቁ እጅ ለእጅ ዞሮ የአንድ ገጣሚ ባለቤት ዘንድ ደረሰ። ደወሉልኝ። አልጮኹም። «ልጄ፣ የሟቹን ባለቤቴን ቃል ለሌላ ሰው ሰጠኸው» አሉኝ። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ሃያ ሦስት ገጽ እንደገና ጻፍኩ። አንቺ ከመጀመሪያው ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን ብለሽ ለይተሽ ያዢ። ሕጉም እንደዚያው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ግጥሙን ሙሉውን ልታትሚ ከሆነ የገጣሚውን ወራሾች ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ።

የጅማ ነገር ስለሆነ ሌላም አለ። አጎትሽ በኦሮምኛም ደርሶ ይሆናል፤ ደብተሩ ግን በፊደል ነው የሚሆነው፤ ቁቤ፣ ማለት ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በይፋ የመጣው በ1984 ነው። ፊደላችን ደግሞ የኦሮምኛን ረዥምና አጭር ድምፅ አይለይም። «ዹጋ» የሚል ቃል ገጠመኝ። መጨረሻው ሲረዝም «እውነት» ነው፤ ሲያጥር «ይጠጣል» ነው። ዘፈኑ የፍርድ ትዕይንት ላይ የሚዘፈን ነው። እኔ ሁለተኛውን መርጬ የተከበረውን ዳኛ ሰካራም አደረግኩት። ጋሼ አንብበው «ይሄኛውም መጥፎ አይደለም» አሉ፤ ግን አቃኑት። ደብተሩን ብቻሽን አታንብቢ፣ ይዝፈንልሽ።

አንድ ቀን ደግሞ አጎትሽ «ያንን አታስገቢው» ማለቱ አይቀርም። ጋሼ በትእዛዝ የደረሷቸውን የዘመቻ ዘፈኖች ሊያስወጡ ፈልገው ነበር። ሁለት ሳምንት ተኮራርፈናል። በእኔ እምነት መውጣት የለባቸውም። ትእዛዙን ማን እንዳመጣ፣ ስንት ቀን እንደሰጣቸው፣ እሳቸው ምን እንዳሰቡ ጨምሬ ጻፍኩት። በኋላ ሲያነቡት «እንዲህ ከሆነ ይሁን» አሉ። ከእነዚያ ዜማዎች አንዱ ዛሬም ሰርግ ላይ ይዘፈናል፤ ግጥሙ ረግፎ ዜማው ቀርቷል። እሱን ማውጣት ነበረብኝ?

ጋዜጣ ማገላበጥ አይቀርልሽም፤ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሂጂ፣ የአዲስ ዘመን የቆዩ ዕትሞች እዚያ አሉ። 350 ኪሎ ሜትር ነውና ሄደሽ እንዳትመላለሺ ከመሄድሽ በፊት የምትፈልጊውን ወርና ዓመት በዝርዝር ጽፈሽ ያዢ። እኔ ሁለቴ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ካሴቱን ግን ከሁሉም በፊት አድኚ። እንደተገኘ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቺው። መጀመሪያ ሪባኑ እንዳልተጣጠፈ እይው፣ የላላ ከሆነ በእርሳስ ጠቅልይው፣ የማጫወቻውን ሄድ (ሪባኑ የሚነካውን ብረት) በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጊ። ከዚያ አንዴ ሲጫወት ያኔውኑ ቅጂው። ማጫወቻ ካጣሽ የእኔው አለ። ፈረንጅ አራዳ ነው የምኖረው፤ ከቅዳሜ በስተቀር በፈለግሽው ቀን ነይ። ቅዳሜ አሁንም ጋሼ ጋ ነኝ።