ዕድሜዋን ያልጻፉልኝ ልጅ

በጠበቃነቴ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ አባት ነኝ። ሴት ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። እናቷ አብራን የለችም። የሕፃናት ማቆያ ጠይቄ ዋጋው ከደመወዜ ግማሽ በላይ ሆነብኝ። በደላላ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬ ሁለቱም ወር ሳይሞላቸው ወጡ። አሁን የአክስቴን ልጅ ከገጠር አምጥቻለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ነው ያመጣኋት። ቀን ልጄን ትይዝልኛለች፣ ማታ ትማራለች። መሥሪያ ቤቴ ማቆያ እንዲከፍት ወይም ፈረቃዬን እንዲቀይርልኝ በሕግ ማስገደድ እችላለሁ? ለአባት የተሰጠ መብት ካለ ይንገሩኝ።»

ወንድሜ፣ የጠየቁኝን በአጭሩ እመልሳለሁ። ያልጠየቁኝ ነገር ግን ይበልጥ አሳስቦኛል። ጊዜ የምወስደው እሱ ላይ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆኑ የሚመለከትዎት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ለአባት የሰጠው ሚስት ስትወልድ የሚወሰድ 3 ተከታታይ ቀን ነው፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ያ ለእርስዎ አልፏል። የግል አሠሪ ማቆያ እንዲከፍት አዋጁ አያስገድድም። «ልጅ ስላለኝ ፈረቃዬ ይቀየር» ብሎ እንደ መብት መጠየቅም አይቻልም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያዩዋቸው ማቆያዎች በሌላ ሕግ የመጡ ናቸው። በ2010 ወጥቶ የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ማቆያ እንዲቋቋም ሲያዝ የጠቀሰው ሴት ሠራተኞችን ነው። ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ አባት በዚያ አንቀጽ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ይህ ሁሌም ይቆጨኛል።

ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የገባውን የኅብረት ስምምነት አውጥተው ያንብቡ። አንዳንዱ ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ ነገር ይዟል። ፈረቃን በተመለከተ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ያስደርጉ። የሚይዝልዎት ሰው በድንገት ሲጠፋ ደግሞ ዝም ብለው አይቅሩ። ለልዩና ከባድ ሁኔታ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ 5 ቀን የቀረ ሠራተኛ የስንብት ማስታወቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው ያረፈዱ አባቶች በዚህ መንገድ ሥራ ሲያጡ አይቻለሁ። ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ምክንያትዎን በዚያው ቀን በጽሑፍ ይመልሱ። ቅጂውን ቤትዎ ያስቀምጡ።

የጠየቁኝ ይኸው ነው። አሁን ወደ አክስትዎ ልጅ ልምጣ።

የልጅዎን ዕድሜ በወር ቆጥረው ጻፉልኝ። የዚያችኛዋን ግን አልጻፉም። «ከሰባተኛ ክፍል» ብቻ አሉ። ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጅ ብዙ ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አሥራ አራትም ልትሆን ትችላለች። የሚከፍሏትንም አልጻፉም፤ ምናልባት ምንም ስለማይከፍሏት ይሆናል። ደግሞ በፈረቃ እንደሚሠሩ ነግረውኛል። የሌሊት ፈረቃ ሲደርስዎ ልጅዎን ማን ይዞ ያድራል? ማታ ትማራለች ያሏት ልጅ ያን ሳምንት ትምህርት ቤት ትሄዳለች? እኔ አትሄድም ብዬ እገምታለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ክፉ ሰው ነዎት እያልኩ አይደለም። ደብዳቤዎ ውስጥ የጨነቀው አባት ነው ያየሁት። ግን ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ ደህና ሰዎችም ይወድቁበታል። «ዘመድ ናት፣ እያስተማርኳት ነው፣ እዚያም ከብት ከመጠበቅ ይሻላታል» ይላሉ። ገበያው ላይ ያለው ርካሽ የልጅ ጥበቃ ይህ ስለሆነ ነው። ርካሽ የሆነው ግን ሌላ ልጅ ስለከፈለችበት ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ብዙ ሰው «የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አትሸፈንም» የሚለውን ሰምቷል። እውነት ነው፣ አዋጁ ቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥርን አይገዛም። ከዚያ ተነሥቶ «እንግዲያው ሕግ የለም» ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚኖር ሠራተኛን ይመለከታል፤ በመኝታው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ ጤናውንና ሞራሉን የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። ዕድሜን በተመለከተ አዋጅ 1156 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን እንኳ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም፣ ሌሊት ማሠራት ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። ይህ አዋጅ የእርስዎን ቤት በቀጥታ ባይገዛም መለኪያው ምን እንደሆነ ያሳያል።

ቤትዎን በቀጥታ የሚነካው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ትምህርቱን፣ ጤንነቱንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ አይገደድም፣ አይፈቀድለትምም ይላል። «አይፈቀድለትም» የሚለውን ያስተውሉ። ልጅቷ ራሷ «እሺ፣ እፈልጋለሁ» ብትል ለውጥ የለውም። ከዚያ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 አለ። ሕፃን በኃላፊነቱ ሥር ያለ ሰው ሕፃኑን ቢያንገላታ፣ ቢተው፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ይጠየቃል። ብዙ ሰው ዱላውን ብቻ ነው የሚያስበው። ከአቅም በላይ ማሠራትም እዚያው መስመር ላይ ተጽፏል። ከዚህ የከፋው በ2012 የወጣው በሰው መነገድን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1178 ነው። ሕፃንን ለብዝበዛ ማጓጓዝና መቀበል እዚያ ውስጥ ይወድቃል፤ የወላጅ ወይም የልጁ ፈቃድም ማምለጫ አይሆንም። የእርስዎ ጉዳይ እዚያ ይደርሳል አላልኩም። ግን ልጅቷ በደላላ መጥታ ከሆነ፣ ገንዘብ ለማንም ተከፍሎ ከሆነ፣ ይህን ለእኔም ሆነ ለሌላ ጠበቃ ሳይደብቁ ይንገሩ። ይህ ዝርዝር ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ቀን ምድጃ ላይ ያለ ሽሮ ቢገለበጥ፣ ልጅዎ ብትቃጠል፣ ፖሊስ የሚጠይቀው «የሁለት ዓመት ሕፃን ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትቶ የሄደው ማነው?» ብሎ ነው። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ሆኖበት ነበር የመጣው። የራሱ ልጅ ሆስፒታል ተኝታ፣ የወንድሙ ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ትሰጣለች። ያቺ ልጅ ስታለቅስ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «እንቅልፍ ወሰደኝ»። ከሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆማ የዋለች ልጅ ናት፣ ለምን እንቅልፍ አይወስዳት? ቤተሰቡ እስካሁን አልታረቀም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ከሁሉ በፊት ነገ ጠዋት አውቶቡስ ላይ አያሳፍሯት። ይህን ምክር ሰምቶ ደንግጦ ልጅን መናኸሪያ የሚያወርድ ሰው አለ። ያ ሌላ ጥፋት ነው። ለወላጆቿ ይደውሉ፣ አባት ወይም እናት ራሳቸው መጥተው ይነጋገሩ። እዚህ ትቆይ ከተባለ እንደ ቤት ልጅ ትቆይ፦ በቀን ትምህርት ቤት ተመዝግባ፣ መሸኛዋ ከመጣችበት ትምህርት ቤት መጥቶ፣ ልጅ መያዝ ሥራዋ ሳይሆን። እስካሁን ለሠራችው ክፍያ ይገባታል። ስንት እንደሆነ ከወላጆቿ ጋር ይስማሙ፣ በምስክር ፊት ይክፈሉ፣ ደረሰኝ ይያዙ። ከመስማማትዎ በፊት የልደት ምስክር ወረቀቷን ይዘው ከጠበቃ ጋር ቁጭ ይበሉ። አቅም የለኝም ካሉ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፣ ጠበቆችም በሕግ ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለብን።

ሁለተኛው የዘለሉት ነገር «እናቷ አብራን የለችም» የሚለው ነው። ሞታ ነው? ተፋታችሁ ነው? ዓረብ አገር ሄዳ ነው? እያንዳንዱ መልሱ የተለያየ ነው። ማዘንዎ ይገባኛል፤ ግን እርዳታ ያለው እዚህ ጋ ሊሆን ይችላል። በሕይወት ካለች ልጅ ማሳደግ የእሷም ዕዳ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ ሲል ምግብ ብቻ አይደለም፣ አንቀጽ 197 መኖሪያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትን ይጨምራል። አባቶች «ከሴት ቀለብ መጠየቅ ነውር ነው» ብለው ሲተዉት አያለሁ። ገንዘቡ የእርስዎ አይደለም፣ የልጅቷ ነው። የሕፃን መጠበቂያ ወጪን አስልቶ እንደ ገቢያችሁ ማካፈል ይቻላል። ውጭ አገር ካለች በኤምባሲ በኩል ውክልናና የጽሑፍ ስምምነት ትላክልዎት፤ ያለ እሱ ብዙ ጉዳይ ላይ ይቆማሉ። በጋብቻ ውስጥ እስካላችሁ ሁለታችሁም እኩል ሞግዚት ናችሁና። ተለያይታችሁ ሽማግሌ «ልጁ አባት ጋ ይቆይ» ብሎ ከሆነ ደግሞ ያንን ስምምነት በፍርድ ቤት ያጽድቁት። አዲስ አበባ ላይ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው የሚመለከተው። ያልጸደቀ ወረቀት ነገ ልጅቷን ሌላ ሰው ሲወስዳት አያስቆምልዎትም።

ገንዘቡን በተመለከተ የማውቀውን ልንገርዎ። ወደ ወረዳዎ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በአካል ይሂዱ። ፈቃድ ያላቸው ማቆያዎችን ዝርዝር ይጠይቁ። በወረዳው ወይም በአቅራቢያው ያለ የመንግሥት ማቆያ የውጭ ሰው ልጅ ይቀበል እንደሆነም ይጠይቁ። «ለእናቶች ነው» ቢሉዎት እናትም አባትም እርስዎ መሆንዎን በማመልከቻ ያስረዱ፣ የልጅዎን የልደት ምስክር ወረቀትና የደመወዝ ማስረጃ ያያይዙ፣ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ርካሽ ብለው ፈቃድ የሌለው ቤት አያስገቧት።

ሌላው የሚያዋጣዎት ተመላላሽ ሠራተኛ ነው፣ ከጎረቤት ጋር ተጋርተው። ሁለት ቤት ሁለት ልጅ፣ አንዲት አዋቂ ሴት፣ ደመወዙ ለሁለት። ቀደም ብለው የወጡት ሁለት ሠራተኞች ግን ያሳስቡኛል። ሁለት ሰው በወር ውስጥ ሲወጣ እኔ ሠራተኞቹን ሳይሆን ሥራውን ነው የምጠረጥረው። ሌሊትም ቀንም ትያዝልኝ ብለው ነበር? የዕረፍት ቀን ነበራት? አሁን ውል ይጻፉ። የሥራ ሰዓት፣ የሌሊት ፈረቃ ሳምንት ላይ የሚጨመረው ክፍያ፣ የዕረፍት ቀን፣ ብትታመም ማን ያሳክማል የሚለው፣ ለመውጣት ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገር፣ ሁሉም ይግባበት። ሁለት ቤት ከተጋራችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። የመታወቂያዋን ቅጂ ይያዙ እንጂ መታወቂያዋን አይያዙባት። ተያዥ ካላት ስሙና አድራሻው ይጻፍ። ሁለት ምስክር ይፈርም።

ይህ ሁሉ ግን የመጀመሪያው ነገር ከተፈታ በኋላ ነው። ደግመው ሲጽፉልኝ የአክስትዎን ልጅ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ይጻፉልኝ። ማን እንዳመጣትና ወላጆቿ ምን እንደተነገራቸውም ያክሉበት። አክስትዎ ስልክ ካላት ዛሬ ማታ ይደውሉላት፤ ልጅቷንም ያገናኟት፣ እርስዎ ክፍሉን ለቀው።