የፒላተስ ቪዲዮ የሚመረጠው በጆሮ ነው

ውድ እህቴ፣ «ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምሠራ ወገቤን ያመኛል፤ በቤቴ ፒላተስ ልጀምር ብዬ ቪዲዮ ብፈልግ ብዛቱ ግራ አጋባኝ፤ የትኛውን ልምረጥ?» ብለው የጠየቁትን አነበብኩት። ከአራት ዓመት በፊት እኔም በዚሁ የወገብ ሕመም ተይዤ ይህንኑ ጥያቄ ስጠይቅ ነበር። የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ በገንዘቤም በአንገቴም ከፈልኩበት፤ እርስዎ ላይ እንዳይደገም የደረሰብኝን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

አንደኛ፣ በርዕሱ ላይ «ፒላተስ» የሚለውን ቃል ስላዩ ብቻ አይመኑ። ትንፋሽን ከእንቅስቃሴ ጋር እያስተባበሩ የሚሠሩትን ይህን የአካል ብቃት ዘዴ የፈጠረው ጀርመናዊው ጆሴፍ ፒላተስ ራሱ «ኮንትሮሎጂ» ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ሰውነትን በራስ ቁጥጥር ሥር ማድረግ የሚለውን ሐሳብ ይዞ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፉም ምንጣፍ ላይ የሚሠሩ 34 እንቅስቃሴዎችን በቅደም ተከተል አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት «ፒላተስ» የሚለው ስም እንደ ዮጋና እንደ ካራቴ የእንቅስቃሴ ዓይነት መጠሪያ እንጂ የማንም የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም ብሎ ወሰነ። በመሆኑም ዛሬ ማንም ሰው፣ ሠለጠነም አልሠለጠነ፣ የፈለገውን እንቅስቃሴ ቀርጾ በዚህ ስም ማውጣት ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን ወር ያባከንኩት በእንዲህ ያለ ቪዲዮ ነው። ርዕሱ ሆዴን በጥቂት ቀናት እንደሚያጠፋልኝ ቃል ይገባል፤ ውስጡ ግን ዝላይና በጥድፊያ የሚሠራ የሆድ እንቅስቃሴ እንጂ ስለ ትንፋሽ አንድ ቃል አልነበረበትም።

ይህን ለመለየት ቀላሉ መንገድ «ሀንድረድ» የተባለውን እንቅስቃሴ መመልከት ነው። በጀርባ ተጋድመው፣ ራስዎንና ትከሻዎን አንሥተው፣ እጆችዎን ከጎንዎ ከፍ ዝቅ እያደረጉ አምስት እየቆጠሩ ይስባሉ፣ አምስት እየቆጠሩ ያስወጣሉ፤ ይህ አሥር ጊዜ ሲደገም መቶ ይሆናል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። አሰልጣኟ ትንፋሹን ሳትቆጥር እጇን ብቻ እያወዛወዘች የምታልፈው ከሆነ ያንን ቪዲዮ ይተዉት።

ሁለተኛ፣ «ለጀማሪ» የተባለ ሁሉ ለጀማሪ አይደለም። ጥሩ አሰልጣኝ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቀለል ያለ አማራጭ ትሰጣለች፤ «ጉልበታችሁን እጠፉ»፣ «አንገታችሁን ከደከማችሁ ራሳችሁን መልሳችሁ ምንጣፉ ላይ አሳርፉ» ትላለች። እዚህ ላይ ትልቁን ስሕተቴን መናገር አለብኝ፤ ከሌላው ሁሉ ባይቀበሉኝ ይህን አንዱን ይቀበሉኝ።

ስልኬን ከምንጣፌ በስተግራ፣ መሬት ላይ ከግድግዳ ጋር አስደግፌ ነበር የምሠራው። ያገኘሁት ቪዲዮ በእውነት የሚያምር ነበር፤ ብርሃኑም ሙዚቃውም የአሰልጣኟ አቋምም የሚደነቅ ነው። አሰልጣኟ ግን «በርቱ»፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ» ከማለት በቀር አትናገርም ነበር። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ለማወቅ፣ በጀርባዬ ተጋድሜ ራሴን ካነሣሁ በኋላ አንገቴን ወደ ግራ ጠምዝዤ ማያ ገጹን ማየት ነበረብኝ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ለሦስት ወር ያህል እንዲሁ ሠራሁ። በመጨረሻ ወገቤ ሳይሻለው አንገቴ ወደ ግራ አልዞር አለ፤ ሌሊት መገላበጥ እንኳ አቃተኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ያየኝ ባለሙያ ገና ሳልጨርስ አቋረጠኝና «ከስልክ እያያችሁ ሰውነታችሁን ታበላሹና ወደ እኛ ትመጣላችሁ» ብሎ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። አንገቴን እንኳ አልነካም። ያንን ንግግር እስካሁን አልረሳሁትም፤ ለጤናው ብሎ የደከመ ሰው እንደ ጥፋተኛ ሊቆጠር አይገባውም። በኋላ ሌላ ቦታ ያገኘኋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግን ከሁሉ አስቀድማ «እስቲ እንደምትሠሪው ሆነሽ አሳዪኝ» አለችኝ። ተጋደምኩ፣ ራሴን አነሣሁ፣ ሳላውቀውም ፊቴ ወደ ግራ ዞረ። «ስልክሽን የምታስቀምጪው በዚያ በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሦስት ወር መከራዬ ምንጭ በአንድ ጥያቄ ታወቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቪዲዮ የምመርጠው በጆሮዬ ነው። አዲስ ቪዲዮ ሳገኝ ስልኬን በፊቱ ደፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አሥር ደቂቃ አዳምጠዋለሁ። የትኛው እግር ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደምስብና መቼ እንደማስወጣ፣ ሥራው የት የሰውነቴ ክፍል ላይ ሊሰማኝ እንደሚገባ ከድምፁ ብቻ ከገባኝ ያ ቪዲዮ ይሆነኛል። «እንደዚህ አድርጉ» ብቻ የምትል ከሆነ፣ ወይም ሙዚቃው ድምጿን ከዋጠው፣ የቱንም ያህል ታዋቂ ብትሆን አልፋታለሁ። ፒላተስ አብዛኛው በጀርባ፣ በሆድና በጎን ተጋድሞ የሚሠራ በመሆኑ፣ ትኩር ብለው እያዩ ሊሠሩት አይችሉም። በሚገባዎት ቋንቋ የሚነገረውን ይምረጡ የምለውም ለዚሁ ነው። ለሁለት ቀን ያህል ሳይሠሩ ተቀምጠው ይመልከቱት፤ በዚህ ጊዜ ካሜራው ከጎን የቀረጸውን ይምረጡ፤ ወገብ ከምንጣፉ ምን ያህል እንደተነሣ የሚታየው ከጎን ሲታይ ነውና። ከዚያ በኋላ ግን ዓይንዎ ወደ ጣሪያው፣ ጆሮዎ ወደ አሰልጣኟ ይሁን።

ሦስተኛ ልል ያሰብኩት ስለ ክፍያ ነው። ከነጻው ይልቅ የሚከፈልበት የተሻለ ይመስለኝ ስለነበር፣ ለሰባት ቀን በነጻ ሞክሩ የሚል አንድ አፕሊኬሽን ላይ ተመዘገብኩ። አልወደድኩትምና በአምስተኛው ቀን ከስልኬ አጠፋሁት፤ የተገላገልኩም መስሎኝ ነበር። በስምንተኛው ቀን የዓመቱ ሙሉ ክፍያ ተቆረጠ። አፕሊኬሽኑን ከስልክ ማጥፋት ምዝገባውን አይሰርዘውም፤ የስልኩ መተግበሪያ መደብር ውስጥ ገብቶ ምዝገባዎች ከሚለው ቦታ መሰረዝ ያስፈልጋል። ለድርጅቱ ሦስት ጊዜ በትሕትና ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ ላኩልኝ፤ ስመዘገብ በውሉ ተስማምቻለሁ የሚል ነበር። ገንዘቡ ቀርቷል። ዛሬ የምሠራባቸው አራት ቪዲዮዎች ሁሉም በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ስለ ምንጣፍ ብዙ አልልም። ለዮጋ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ስስ ስለሆነ አከርካሪዎ ላይ ሲንከባለሉ አጥንትዎን ይቆረቁርዎታል፤ አሥር ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ይግዙ። ሪፎርመር የሚባለውን በስፕሪንግ የሚሠራ መሣሪያ የሚጠቀሙ ቪዲዮዎችን ለአሁኑ ይለፏቸው፤ መሣሪያው በሌለበት ማስመሰል ጥቅም የለውም።

እርጉዝ ከሆኑ፣ በቅርቡ ከወለዱ፣ ወይም አጥንትዎ መሳሳቱ ከተነገረዎት ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ይቆይና አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በተለይ አጥንቱ የሳሳ ሰው አከርካሪን ወደ ፊት እያጠፉ የሚሠሩትን እንደ ሮል አፕ (ከተጋደሙበት አከርካሪን አንጓ በአንጓ እያነሡ መቀመጥ) ያሉትን እንዲተው ይመከራል፤ አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ግን ይህን አይናገሩም። የወገብዎ ሕመም ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነም እንዲሁ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

እኔ አሁን በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ እሠራለሁ። ሮል አፕን ሳልወረወርና እግሬን ሳላነሣ ለመሥራት ሰባት ወር ፈጅቶብኛል፤ የቻልኩ ቀን ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ወገቤ ከሥራ ስመለስ እንደ ድሮው አያስነክሰኝም፤ አንገቴም ወደ ግራ ይዞራል።

ዛሬ ማታ ሦስት ቪዲዮ ይምረጡና ስልክዎን ደፍተው ያዳምጧቸው። ያለ ምስል የገባዎት የትኛው እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ እኔም አዳምጬ ለወገብዎ የሚከብድ ነገር ካለበት እነግርዎታለሁ።